የዘመሮዋ ሳጥን

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጡኝ ሳጥኖቹን የሸጡልን የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «ካሉበት ሆነው ሁሉን ይዩ» ይላል። እኔ ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም። እማዬ ግን «ሰው ላይ ከምትጮኺ እዚያ ላይ ጩኺ» ስላለችኝ ይኸው ጀመርኩ።

ጽናት እባላለሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ባለው የገብስ አምራቾች ዩኒየን ዋና መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስል ሌላ የለም ማለቴ ነው። ዘመሮና ዓለም ከተማ ቅርንጫፎች አሉን። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የነበረው አንድ መስመር ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ገበሬው ገብሱን አህያ ላይ እንደጫነ ይቆማል፣ እኔም በሚኒባስ ስንከራተት እውላለሁ። አዲሱ አሠራር ኤስዲ-ዋን ይባላል። በየቅርንጫፉ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትቀመጣለች። ገመዱንም፣ ሁለቱን የሞባይል ሲም ካርዶችም አንድ ላይ ትይዛለች፤ አንዱ ሲደክም ሥራውን ራሷ ወደ ሌላው ታዞራለች። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በአንድ ስክሪን አያለሁ፣ አዛለሁ። መንገድ መውጣት ቀረ። በተለይ ዘመሮ መሄድ ቀረ።

ቦርዱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ገብሳችንን የሚገዛው ፋብሪካ እያንዳንዱ ጭነት በዕለቱ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተመዘገበ አልረከብም ብሏል። ስለዚህ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 24 ድረስ ዘመሮ ምዝገባዋን ያላደረሰችበት ቀን ከአምስት ከበለጠ ቅርንጫፉ ይዘጋል። አራት ሰው ከሥራ ይወጣል፤ የዘመሮ ገበሬም ገብሱን ጭኖ እስከ መሐል ሜዳ ሊመጣ ነው። «አትስጉ፣ አንድ ቀንም አትጠፋም» ያልኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ፣ ቆሜ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የዘመሮን ሳጥን በሚኒባስ ሹፌሩ በምንይሉ እጅ ላክኋት። መብራት ላይ ከተሰካች ራሷ ከእኔ ስክሪን ጋር ትገናኛለች፤ ሰው መሄድ አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አፈወርቅ «ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ሄደሽ ብታያት ምን አለበት?» አሉኝ። «አያስፈልግም» አልኩ፤ ትንሽ ሳልቸኩል አልቀረሁም።

ይልቅ ደብዳቤ ጻፍኩ። አቧራ እንዳይነካት፣ ውኃ እንዳይነካት፣ ማንም እንዳይነካካት። እንደ አራስ ተንከባከቧት። አደራ! አደራ የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ተነሣች! ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዘመሮ ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ሆነች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

መርስዔ ኃዘን ደወለ። የዘመሮ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ልጅ ሳለ ድጓ ስለተማረ «ሄሎ» ሲል እንኳ ያዜማታል።

«ደብዳቤሽን ለጋሽ ጫኔ አነበብኩላቸው» አለኝ። ጋሽ ጫኔ ዘበኛው ናቸው። «አደራ የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ ብለው ቆሙ።»

«ምነው?»

«አደራ ተቀምጠው ይቀበሉልሽ ኖሯል? አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ብለው ይኸው አጠገቧ በርጩማ አምጥተዋል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ሥራ ብቻ ነው ያወራነው። አሥራ ስምንት ደቂቃ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ቆጠራው ተጀመረ። ጾምም ገባ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። መርስዔ ኃዘን ጧት ጧት እየደወለ «አራሷ ደህና አድራለች» ይለኛል። ስክሪኑ ላይ እንደማያት ነግሬዋለሁ፤ መደወሉ አያስፈልግም። አትደውል ልለው አስቤ ነበር፣ ረሳሁት።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዘመሮ ጠፋች። አምስት ሰዓት ላይ። ሦስቱም መስመር በአንዴ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዛል ያልነው ታዲያ የቱ ላይ ነው!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣች። አሥር ተኩል ላይ ደግማ ጠፋች። ምዝገባው አልደረሰም። አንድ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

«ምን ሆና ነው?» አልኩት መርስዔ ኃዘንን።

«እኔ ምን አውቄ። ገልጬ ባያት መብራቷ የለም። ትንሽ ቆይታ ራሷ በራች፤ መልሰን አስተኛናት።»

የዘመሮ ሰው ዕቃውን ሁሉ እንደ ሰው ነው የሚያወራው። አስተኛናት ይባላል እንዴ?

«ጋሽ ጫኔ ጠበል እንርጭ ወይ ይላሉ» አለ ቀጥሎ።

«እንዳትሞክሩ!» ጩኸቴ ኮሪደሩን አልፎ ተሰማ።

«እሷን እኮ አይደለም፤ ግድግዳውን ነው።»

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ሁለት።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የጠፋችባቸው ሁለቱም ቀናት ዘመሮ ጉም የዋለባቸው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርባቸው ናቸው። ፀሐይ ሲወጣ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። ዓለም ከተማ ያለችው ሳጥን ደግሞ፣ አገሩ ሞቃት ነውና፣ ከተሰካች ጀምሮ ለደቂቃ አልጠፋችም። ስለዚህ ነገሩ ብርድ ነው! እንዴት ቀድሞ አልታየኝም?

ወዲያው ደወልኩ። «ብርድ ነው የሚያጠቃት። ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ከብርድ ጠብቋት።»

«ይህንማ ለእኛ ተይው» አለኝ መርስዔ ኃዘን። የሚያውቀው ሥራ ሲሰጡት ደስ እንደሚለው ሰው ነበር ድምፁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ስክሪኑ የሳጥኗን የውስጥ ሙቀት ያሳያል። ዛሬ የዘመሮን ባይ ሰባ ስምንት ዲግሪ ይላል፤ ቀይ ምልክት እያበራ። ሰባ ስምንት! ጧት ጧት በርሜል ላይ የረጋውን በረዶ ሰብረው ውኃ በሚቀዱበት አገር!

ሳጥኖቹን ከሸጠልን ድርጅት ቴዎፍሎስ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ሆኖ ሳቀብኝ። «ጽናትዬ፣ እናንተ አገር እንኳን ሳጥን ሰውም አይሞቀውም። መለኪያው ተበላሽቶ ነው።» እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ያ ቀይ ምልክት ዓይኔን ስለወጋኝ አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ጉም። ጠፋች። ሦስት።

ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ምሳ አልበላሁም።

አቶ አፈወርቅ በሬ ላይ ቆመው አይተውኝ ሄዱ። ምንም አላሉም። ምናለ ቢቆጡኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ምንይሉ ከዘመሮ ሲመለስ ቢሮዬ ጎራ አለ። ትናንት ሰዉ ከነአህያው እስከ ማታ ቆሞ ውሏል። አንድ ሽማግሌ «ድሮ ገብሳችንን ሚዛን ላይ ነበር የምናስቀምጠው፤ ዛሬ የሚመዝነው ሰማይ ላይ ነው አሉን፣ እሱም ጉም ለብሶ አላይ ብሎናል» ብለው ሰዉን አሳቁት አለኝ። እኔን አላሳቀኝም።

«ጋሽ ጫኔማ» አለ ምንይሉ፣ «ጋቢያቸውን አውልቀው በሸሚዝ ሲንቀጠቀጡ አገኘኋቸው። ምነው ብላቸው ለእሷ ይብስባታል አሉኝ።»

ለማን? ልጃቸው ታማ ይሆናል። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ስልኩ ጮኸ። የዓለም ከተማው መጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ሁሉም ሰላም ነው ሊለኝ። ሰላም ነው ብሎ የሚደውል ሰው ዛሬ እንዴት እንዳናደደኝ!

ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ አንዱ «ከወንበሯ ሳትነሣ ልታስተዳድር» ሲል ሰማሁ። ስገባ ዝም አሉ። ለቃሚዋ እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እማዬ ጎረቤት ሄዳለች፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እስቲ እውነቱን ልጻፈው፤ ደብተር አይናገርም።

ዘመሮ ያልሄድኩት ሳጥኗ ራሷን ስለቻለች ብቻ አይደለም። አምና በጥር የተቆረጠ ገመድ ልጠግን ሄጄ ነበር። ሥራውን ስጨርስ መርስዔ ኃዘን እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ስለ በጎች አወራን፣ ስለ ዝናብ አወራን፤ ከዚያ ድንገት ቆመና «ሽማግሌ ብልክ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔም «ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው» አልኩት። ሮጥኩ። ሚኒባሱ ግማሹ እንኳ አልሞላም ነበር። አርባ ደቂቃ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ እሱ ደግሞ ውጭ ቆሞ ጎማ የሚመረምር መስሎ ዞረ። አራቱንም ጎማ ሁለት ሁለት ጊዜ አየ። እሱም ቀና አላለ፣ እኔም መስኮቱን አልከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣብኝም። አላኮረፈም፣ አላሽሟጠጠም። ጧት ይደውላል፣ «አራሷ ደህና አድራለች» ይላል።

አልጠላሁትም ነበር። ያኔ አባቴ ከሞተ ገና ሰባት ወሩ ነው፤ እማዬን ብቻዋን ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው። እማዬ ግን ብቻዋን መሆን እንደማትፈራ፣ የምትፈራው እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፀጉሬ ሲሸብት ማየት እንደሆነ ሺህ ጊዜ ነግራኛለች። እንግዲህ ምክንያቴ ምን ነበር? ብልጭ ያለ ነገር ሳይ ደንግጬ የምሮጥ ሰው ነኝ።

ቅርንጫፉ ከተዘጋ መርስዔ ኃዘን ሥራ ያጣል። ጋሽ ጫኔም። እኔ ነኝ የማዘጋው።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

አራት። ለመለዋወጫ የተቀመጠችውን ሳጥን ለምንይሉ ሰጠሁት። የዘመሮዋን ይዞልኝ ይመለሳል። ሳጥኗ ከሆነች ጥፋተኛዋ አሁን ይታወቃል።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

የዘመሮዋ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሰካኋት፤ ምንም አልሆነች፣ እንደ ጤነኛ ትሠራለች። ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ከፍቼ አሳደርኳት። ወይ ፍንክች!

አንድ ነገር ግን፣ በግ በግ ትሸታለች። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቿ ላይ ደግሞ ነጭ የበግ ፀጉር ተሰክቶ አገኘሁ፤ በመርፌ አንድ ባንድ ለቀምኩት። ምንይሉን «በግ ጭነህ ነበር?» አልኩት። «እኔ? በጾም?» አለኝ። ይዋሻል፤ ሳይጭን አይቀርም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

አዲሷም ጠፋች።

አምስት። ከእንግዲህ አንዲት ቀን ብትጠፋ አለቀ።

አሮጌዋ ጠረጴዛዬ ላይ ትሠራለች። አዲሷ ዘመሮ ላይ ትጠፋለች። ሳጥኗ አይደለችም። መስመሩም አይደለም። ብርዱም ከሆነ መሐል ሜዳ መቼ ሞቆ ያውቃል? ታዲያ ምንድን ነው? ምንድን ነው ምንድን ነው ምንድን ነው!

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

እማዬ ምሽቱን የሽሮውን ድስት ስታወጣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ መታችው። እናቴ ደብሪቱ ስትቆጣ አትጮህም፤ ድስት ነው የምታንኳኳው።

«ያቺ ዕቃ የታመመችው ዘመሮ ነው?»

«አዎ።»

«አንቺ ያለሽው መሐል ሜዳ?»

«እማዬ፣ አሠራሩ እኮ ከዚህ ሆኖ…»

«በሽተኛ በስልክ ይጠየቃል እንዴ? እናትሽ ብታመም ስክሪን ላይ ነው የምታይኝ?» ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረገችው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሂጂ እይ። ሌላውንም ነገር ሂጂ እይ።»

«ሌላው ነገር የቱ ነው?»

«ብዪ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።»

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ጽሕፈቴ ዛሬ ጠማማ ነው፤ ግማሹ ከብርድ፣ ግማሹ ከሳቅ ነው። ሌላም አለ።

ጉሙ ከመነሻችን ጀምሮ አብሮን መጣ። ምንይሉ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ ነበር የሚነዳው። ዘመሮ ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ቅርንጫፋችን በር ላይ ሃያ የሚሆኑ አህዮች እንደተጫኑ ቆመዋል። ሰዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አዩኝ። ከመካከላቸው አንዷ ሴት «ይቺ ናት?» አለች። ይቺ ነኝ።

መርስዔ ኃዘን ሚዛኑ አጠገብ ነበር። ሲያየኝ የያዘውን ጆንያ ለቀቀው። «መጣሽ» አለ። እኔም «ጠፋች?» አልኩት። «አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት።»

ቢሮው ውስጥ ገባሁ። ሳጥኗ የምትቀመጥበት ጥግ ላይ ሳጥን የለም። ያለው ክምር ነው። ከላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ወፍራም ባና፣ በነጭና በጥቁር የበግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ከባናው ሥር አጎዛ ተነጥፏል። ጋሽ ጫኔ በሸሚዝ ብቻ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ክምሩን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«ጋሽ ጫኔ፣ ሳጥኗ የታለች?»

ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ተኝታለች።»

ጋቢውን አነሣሁ። ባናውን አነሣሁ። ሳጥኗን ስነካት እጄን አቃጠለችኝ። ሰባ ስምንት ዲግሪ! መለኪያው ምንም አልሆነም ነበር። ሳጥን ስትሠራ ትሞቃለች፣ ሙቀቷን በቀዳዳዎቿ ታወጣለች፤ ከታፈነች ራሷን ለማዳን ብላ ትጠፋለች። ይህን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ፀሐይ ሲወጣ ጋሽ ጫኔ «ትንሽ ትሙቅ» ብለው ይገልጧታል፣ ትሠራለች። ጉም ሲሆን ይሸፍኗታል፣ ትታፈናለች። እኔ በስልክ ብርድ ነው ካልኩ ወዲህ ደግሞ ጋቢውና አጎዛው ተጨመሩ።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ጋሽ ጫኔ ደንግጠው ተነሡ።

«ገደልናት?»

«ኧረ አልሞተችም ጋሽ ጫኔ፣ ታፍና ነው። ይህች ዕቃ ብርድ ትወዳለች።»

«ብርድ ትወዳለች?» ዞረው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። የእኔ ደብዳቤ ነው። እንደ አራስ ተንከባከቧት። አደራ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። «አራስ በመንዝ ብርድ ተራቁታ ትተኛለች ወይ ልጄ?»

ደብዳቤዬን የተረዱት ልክ እንደጻፍኩት ነው። ጋቢያቸውን አንሥቼ ትከሻቸው ላይ ደረብኩላቸው። አሁንም ይሞቅ ነበር።

ሳጥኗ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነሣች። አረንጓዴ። ውጭ እልልታ ተሰማ፤ ያቺ «ይቺ ናት?» ያለችኝ ሴት ናት። የሰዉ ገብስ እየተመዘነ፣ እየተመዘገበ ሄደ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ጭነት ገባ። ስድስተኛው ቀን ሳይቆጠር ቀረ።

መርስዔ ኃዘን ሚዛኑ ላይ ሳለ ባናውን አጠፍኩ። እንዲህ ያለ ባና አይቼ አላውቅም። ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር አለው፣ ፈትሉ ቀጭንና ጥብቅ ነው። «ይሄስ የማን ነው?» አልኩ።

ጋሽ ጫኔ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኮከቤ ሥራ ነው፤ የመርስዔ ኃዘን እናት። ሦስት ክረምት ፈትላ አሠርታ ለምራቴ ብላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ዕቃሽ በመጣ በሳምንቱ ይዞት መጣ። ‹ኧረ እናትህ ምን ትላለች?› ስለው ‹ባለቤቷ ባትመጣም አደራዋ መጥቷል› አለኝ።»

ባናውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ጫኔም ደግ ሰው ናቸውና ሳጥኗን ማየት ያዙ።

ማታ ምንይሉ ጥሩምባ ሲነፋ መርስዔ ኃዘን እንደ አምናው ሸኘኝ። ስለ ሳጥኗ እየተሳቀቀ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው አላመነኝም። ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱም ወደ ጎማው ሄደ።

መስኮቱን ከፈትኩት። «ጎማው ምን ሆነ?»

«ምንም» አለ አጎንብሶ።

«መርስዔ ኃዘን።» ቀና አለ። «አምና ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ አልነበረም።»

ምንይሉ ሞተሩን አስነሣ። መርስዔ ኃዘን የመለሰውን አልሰማሁትም፤ ፊቱን ግን አየሁት። እኔ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አቶ አፈወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት።

«ዘበኛው ነው የሸፈናት ሲባል ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ስሙን አልጻፍሽም።»

«እንደ አራስ ያዟት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብርድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የሙቀቱን ምልክት ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ሳጥኗ ታፈንኩ እያለች ትነግረኝ ነበር።»

«ቦርዱ ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ትናንት ቆጠራው አለቀ። አምስት ላይ ቆመ። ዛሬ ቦርዱ ተሰበሰበ፣ ዘመሮ አትዘጋም!

ሳቁማ ሳቁ። አንደኛው የቦርድ አባል «ለእኔም ኮምፒውተር ቁምጣ ይሰፋለት» ብለው ሰዉን በሳቅ ጨረሱት። ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገባ። ሌላም ቅጣት ተጨመረ፤ ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅርንጫፎቹን በአካል ሄዳ ትጎብኝ ተባለ። አቶ አፈወርቅ ውሳኔውን ሲያነቡ «በተለይ ዘመሮን» የሚል ቃል ጨመሩበት፤ ወረቀቱ ላይ እንዳልነበረ እምላለሁ። ቅጣት ነውና ፊቴን አኮሳትሬ ተቀበልኩ።

ለጋሽ ጫኔ ደወልኩላቸው። ስልኩን የያዘላቸው መርስዔ ኃዘን ነው። «ይኸው ራቁቷን ናት» አሉኝ። «እኔ ግን ሳያት ይበርደኛል።»

ጥር 3፣ እሑድ

ምንይሉ ጥቅል አመጣልኝ። ባናው ነው። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተጣጥፎ። መሐሉ ላይ ደብዳቤ አለ፤ ልክ እንደ እኔው መመሪያ፦

«አቧራ እንዳይነካው። ውኃ እንዳይነካው። ይህኛው ግን እንደ ሳጥኗ አይደለም፤ ካልደረቡት ሥራ አይሠራም። እናቴ የላከችው ናት፣ እኔ ጸሐፊው ብቻ ነኝ። መመለስ ከፈለግሽ ምንይሉ ማክሰኞ ይመጣል። አደራ።»

አደራ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ምንይሉ መጣ። ባዶ እጁን መለስኩት።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አጎቴ ኪዳነ ከጧት ጀምሮ ነጠላውን አስተካክሎ ተቀምጧል፤ እማዬ ደግሞ ምንም እንደማታውቅ ሆና ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረገች። እኔ ጓዳ ተላክሁ። ባናውን ተከናንቤ በመጋረጃው ሥንጥቅ አያለሁ።

ተቀመጡ ቢባሉም ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። መሐል ላይ የቆሙት፣ አዲስ ጋቢ የለበሱት፣ ጋሽ ጫኔ ናቸው። እንዲያ ተንጠራርተው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት ከተነገረ በኋላ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም። ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ጋሽ ጫኔ ዞሩ።

«አደራ ጠባቂ ነው» አሉ ጋሽ ጫኔ። «የሰጡትን እስኪያፍነው ድረስ ነው የሚይዘው። እኔም ከእሱው ጋር ነበርኩ፣ አልዋሽም።» ወደ ጓዳው መጋረጃ ተመለከቱ። «ደግነቱ ልጃችሁ ሲበዛበት መጥታ ትገልጣለች።»

እማዬ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም። «እንግዲህ ተቀመጡ» አለቻቸው፤ ተቀመጡ።

እኔ ሳቄ እንዳይወጣ የባናውን ጫፍ አፌ ላይ ያዝኩ። ባናው በእውነት ይሞቃል።